የአድማጩ አድማጭ

አንድ ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። በስደተኞች መካከል ለሚሠሩ የሥነ ልቦና አማካሪዎች የተዘጋጀ የሥልጠና መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ስለ ሐዘን፣ ስለ ድንጋጤና ስለ ቅዠት የተጻፉትን ምዕራፎች ያለ ብዙ ችግር ዘለቅኋቸው፤ አማርኛ ለሐዘን ቃል አጥቶ አያውቅም። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን «ሱፐርቪዥን» የሚለው ቃል መንገድ ላይ እንደተጋደመ ግንድ አቆመኝ። አማካሪው ከእርሱ የበለጠ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር በየጊዜው ተቀምጦ ስለ ታካሚዎቹ፣ ስለ ሥራውና ስለ ራሱ የሚነጋገርበት ያ የተወሰነ ሰዓት በአማርኛ ምን ይባላል?

መዝገበ ቃላት «ቁጥጥር» ይላል። የመሥሪያ ቤት ሰው «ክትትል» ይላል፤ ወይም «ሱፐርቪዥን» ብሎ እንዳለ ይወስደውና ከበላይ መሥሪያ ቤት ቅጽ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ማለቱ ይሆናል። እኔ ደግሞ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአባቴ ትምህርት ቤት ነው። አባቴ የገጠር አስተማሪ ነበር። ከአውራጃ ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ዕለት ግቢው ይጠረጋል፤ እኛ ልጆች ጥፍራችንን እንድንቆርጥ እንታዘዛለን፤ አባቴ ለዓመት በዓል ብቻ የሚለብሰውን ኮት ይለብሳል፤ እግሩ የተሰበረው አግዳሚ ወንበርም ከክፍል ወጥቶ ከመጋዘኑ ጀርባ ይደበቃል። ተቆጣጣሪው ፈርሞ ከሄደ በኋላ ወንበሩ እንደተሰበረ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዲህ በልቤ ውስጥ «ቁጥጥር» ማለት የተሰበረው ወንበር የሚደበቅበት ቀን ነው።

የምተረጉመው መጽሐፍ የሚናገረው የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ ባለሙያው የተሰበረውን ወንበር ይዞ የሚገባበት ክፍል ይኑረው ይላል። ያን ክፍል አውቀዋለሁ። አንድ ቀን የሰበርሁትን ይዤ ገብቼበታለሁና።

ናይሮቢ መኖር ከጀመርሁ 14 ዓመት ሆነኝ። የምተዳደረው በትርጉም ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የሐኪም ማስረጃ እተረጉማለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስደተኞችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ለምክር አገልግሎቱ አማርኛ የሚያስተረጉምለት ሰው ሲፈልግ እኔን ጠራኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከኢስሊና ከሌሎችም ሰፈሮች የሚመጡ ወገኖቻችንን ቃል ለአንድ ወጣት ኬንያዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አደርስ ጀመር። ከዚህ በታች የማነሣት ሴት እንዳትታወቅ ብዬ ዕድሜዋንም፣ የኑሮዋንም ሁኔታ፣ የመጣችበትንም ምክንያት ለውጫለሁ። ያልለወጥሁት የራሴን ጥፋት ብቻ ነው።

የክፍሉ ሥርዓት ቀላል ነበር። ሦስት ወንበር በሦስት ማዕዘን ይቀመጣል፤ አንዱ የእኔ ነው። የአስተርጓሚ ደንብ ደግሞ «እርሷ እንዲህ አለች» ማለትን ይከለክላል። ተናጋሪዋ «እኔ» ስትል እኔም «እኔ» ማለት አለብኝ። «ልጄን ለእናቴ ጥዬ መጣሁ» ስትል፣ እኔም በእንግሊዝኛ፣ ልጄን ለእናቴ ጥዬ መጣሁ እላለሁ። በአንድ ጧት የታሰረ ወጣት፣ የተደበደበች ሚስት፣ ልጁን በመንገድ የቀበረ አባት ሆኜ እናገራለሁ። ከዚያ ማታቱ ተሳፍሬ ቤቴ እገባና ሽንኩርት እልጣለሁ። ባለቤቴ «ቀኑ እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ደኅና» እለዋለሁ፤ በዚያ ክፍል የተሰማ ነገር ከዚያ ክፍል አይወጣምና።

ሥራውን እንደ ጀመርን ሰሞን ያቺ ሴት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። ቃል በቃል ብመልሰው አማካሪው ስለ ጨጓራዋ ጠየቃት፤ ሐኪም አይቷት እንደሆነም ሊያውቅ ፈለገ። ያን ዕለት አስተርጓሚነቴን ለጥቂት ደቂቃ ትቼ፣ ሆድ በአማርኛ የምግብ ማደሪያ ብቻ አለመሆኑን አስረዳሁት። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ሰው የሚወደውን ሆዴ ብሎ ይጠራል፤ የማይነገረውን ነገር ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ወጣቱ በማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ አመሰገነኝም። እውነቱን ለመናገር በጥቂቱ ኮራሁ። ያለ እኔ እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደማይገናኙ አሰብሁ። ኩራት ደግሞ ጆሮን ያደነቁራል።

አንድ ማክሰኞ ያቺ ሴት ስለ ሌሊቱ ስትናገር ቆይታ፣ ፊቷን ከአማካሪው ወደ እኔ መለስ አደረገችና፣ ፈገግ እንደማለትም ብላ፣ «እትዬ፣ ምነው በተኛሁበት በቀረሁ!» አለች።

አንባቢ ይፍረደኝ። ይህን የመሰለ አነጋገር ያልሰማ ማን አለ? እናቴ ወጥ ሲያርባት «ምነው ሞቼ ባረፍሁ» ትል ነበር፤ ብላም ሽንኩርቱን እንደገና ትከትፍ ነበር። ጆሮዬ የሰማው እናቴን ነበር። ወደ አማካሪው ዞሬ በእንግሊዝኛ «በጣም ደክሞኛል» አልሁት። እርሱም ራሱን በርኅራኄ ነቀነቀና ስለ ዕረፍትና ስለ እንቅልፍ መናገር ቀጠለ። ሴትዮዋ አየችኝ። ረዘም ያለ አስተያየት ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልሁ። ዓይኔን በጣልሁበት ቅጽበት የሰማሁት የእናቴን አነጋገር እንዳልነበረ አውቄያለሁ።

ወዲያው ለምን አላረምሁትም? ያን ማታስ ለአማካሪው ለምን ስልክ አልደወልሁም? አፈርሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባትም ነገር አጋንኜ ይሆናል እያልሁ ሁለት ሌሊት አደርሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ «ምንም» አልሁት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት በእኔ ደረሰ።

አማካሪው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ይሄዳል። አስተርጓሚዋም ብትመጣ ደስ እንደሚላቸው ሴትዮዋ መናገራቸውን ከወራት በፊት ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የአባቴ ኮት ትዝ እያለኝ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ሳስተላልፍ ቆይቼ ነበር። ያን ሐሙስ ጧት ደውዬ «ዛሬ እኔም እመጣለሁ» አልሁት።

ሱፐርቫይዘሯ ጠጉራቸው የሸበተ ኬንያዊት ናቸው። ቢሯቸው የመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። በወተት የተፈላ ሻይ ቀዱልን። ምልክት የሚያደርጉበት ቅጽ ፈለግሁ፤ አልነበረም። አማካሪው አስቀድሞ ስለዚያችው ሴት አነሣ። «ከእርሷ ጋር በምቀመጥበት ሰዓት ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ስለ ሁሉም ነገር እንነጋገራለን፤ ግን ስለ አንድ ነገር የማንነጋገር ይመስለኛል» አለ። እርሳቸውም በዝግታ «ያ አንድ ነገር ምን ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁት። እርሱ ዝም አለ። ጽዋዬን አስቀምጬ ተናገርሁ። ሴቲቱ ያለችውን በአማርኛ፣ ከዚያ በትክክለኛ እንግሊዝኛው፣ ከዚያም እኔ ያልሁትን።

የተቆጣኝ አልነበረም። ግን ስለ ስሜቴም የጠየቀኝ አልነበረም፤ ለዚያ ጊዜው ገና ነበር። እርሳቸው ሰዓታቸውን አዩና «ከሁሉ በፊት አሁን ይደወልላት» አሉ። ስልኩን አማካሪው ያዘ፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገው። ስታነሣ የመጀመሪያውን ቃል እኔ እንድናገር ተፈቀደልኝ፤ «የኔ እህት፣ ማክሰኞ ዕለት ያልሽውን በትክክል አላደረስሁልሽም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። ከዚያ አማካሪው ጠየቀ፤ እኔም ሳላሳንስ ሳልጨምር ወደ አማርኛ መለስሁት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?»

በሕይወቴ ለማንም ያላቀረብሁት ጥያቄ ነበር። በስልኩ ውስጥ የመንገድ ጫጫታ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ከዚያ «አዎ» አለች። «እስከ ዛሬ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

በዚያው ምሽት አብራት የምትኖረው ልጅ ከጎኗ እንዳትለይ ተነጋገርን፤ በማግሥቱ ጧት አማካሪውና እኔ አገኘናት፤ በዚያው ሳምንት የአእምሮ ሐኪም አያት። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ የተሳሳተ ቃል የሚነገርበት ቦታ ስለነበረ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወይዘሮዋ ሁለተኛ ሻይ ቀዱልኝና «ያን ቃል ስታሳንሺው ማንን ለመጠበቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «እርሷን» አልሁ። እርሳቸው ጠበቁ። መጠበቅ የሚችል ሰው ፊት ውሸት አይረጋም። ጥቂት ቆይቼ «ራሴን» አልሁ።

ምክንያቱ ለራሴም እንግዳ ነበር። እኔ «አታሟርቺ» እየተባልሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በእኛ ቤት ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም፤ የተጠራ እንደሆነ ይመጣል። ደንቡ «እኔ» በዪ ብሎ ያዘኛል፤ እንግዲህ የሴቲቱን ቃል እንዳለ ብመልሰው፣ በራሴ አፍ፣ በራሴ ድምፅ፣ መሞት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው። ምላሴ እምቢ አለ። ሙያዬን ያሸነፈው የእናቴ አስተዳደግ ነበር። ወይዘሮዋ ይህን በጽሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ ስለ ሞት ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ እንደማይዘራ፣ እንዲያውም የተሸከመውን ሰው ብዙ ጊዜ እንደሚያቀልለት ነገሩኝ። ቀጥለውም ወደ አማካሪው ዞረው፣ የእርሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የእኔ ዓይን መጣልና የሴቲቱ ፈገግታ የአንድ ዝምታ ሦስት ፊት መሆናቸውን አሳዩት።

በኋላ መጽሐፉን ስተረጉም ይህ ነገር ስም እንዳለው አገኘሁ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሃሮልድ ሰርልስ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ፣ በታካሚውና በሐኪሙ መካከል የሚሆነው ነገር ሳይታወቅ በሐኪሙና በሱፐርቫይዘሩ መካከል እንደሚደገም ገልጿል። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማውን ስሜት እንኳ እንደ ማስረጃ ሊቆጥረው ይገባል ማለት ነው።

የልማዱ ታሪክም ከዚህ ይረዝማል። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ በቪየና ቤቱ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ባልንጀሮቹን እየሰበሰበ ስለ ሥራቸው ይወያዩ ነበር። በ1920 ማክስ አይቲንጎንና ባልደረቦቹ በበርሊን የከፈቱት ክሊኒክ ነገሩን ወደ ሥርዓት ለወጠው፤ ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን ይማራል፣ ራሱም በሥነ ልቦና ትንተና ያልፋል፣ የሚያያቸውን ታካሚዎች ጉዳይ ደግሞ በአንድ አንጋፋ ፊት ያቀርባል። የሚገርመው፣ ጀርመኖቹ ይህን የመጨረሻውን የጠሩት «ቁጥጥር» ብለው ነው። ቃሉ ያስቸገረው እኔን ብቻ አይደለም ለካ! በ1950ዎቹ ማይክል ባሊንት የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ በለንደን ተራ ሐኪሞችን በክብ አስቀምጦ ስለሚያስቸግሯቸው በሽተኞች ያነጋግራቸው ነበር፤ ከዚያ ልምድ የወጣው መጽሐፉ በ1957 ታተመ። በ1980ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ብሪጂድ ፕሮክተር የሱፐርቪዥንን ሥራ በሦስት ከፈለችው፤ ታካሚው እንዳይጎዳ መጠበቅ፣ ባለሙያውን ማስተማር፣ የደከመውን ባለሙያ መልሶ ማቆም። ይህን አንቀጽ ስተረጉም ብዕሬን አስቀመጥሁ። በዚያች ሐሙስ ሦስቱንም አይቻቸው ነበር፤ ስልኩን፣ ጥያቄውንና ሁለተኛውን ሻይ።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በተቃራኒው የሚያስፈልገው ባለሙያ ባነሰበት አገር ይመስለኛል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሲሳሳት የሚያየው የለምና። እዚህ ናይሮቢ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቆስለዋል። በዚያ ጊዜ የተጎዱትን ለመስማት አማካሪዎች ከየአቅጣጫው ተሰባሰቡ፤ እነዚያም አማካሪዎች የከተማው ልጆች ነበሩ፣ የሰሙትን ይዘው ወደ ቤታቸው የገቡ። ኬንያ የአማካሪዎችንና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ሥራ የሚመራ ሕግ ያወጣችው በ2014 ነው። በአገራችን ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው፤ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሐኪሞች እየተመላለሱ ያስተምሩ፣ ከተማሪዎቹም ጋር በሽተኛ አጠገብ እየቆሙ ያርሙ ነበር። ከዚያ በፊት ትምህርቱን የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት።

ከሁሉ የምወደው ግን የሐራሬው ምሳሌ ነው። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚው ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥታ ከቀረች በኋላ ራሷን ማጥፋቷን በተለያዩ መድረኮች ተናግሯል። በ2006 በምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ፣ ከጤና ጣቢያው ውጭ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። በ2016 የታተመው ጥናት በ573 ሰዎች ላይ ተካሂዶ፣ በአያቶቹ የተረዱት ሰዎች የጭንቀትና የድባቴ ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱን አሳየ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያደንቀው አያቶቹን ነው፤ ይገባቸዋልም። የሚዘነጋው ግን አያቶቹ ብቻቸውን አለመተዋቸው ነው። ከበላያቸው የሚያዳምጧቸው፣ የከበደውን ጉዳይ የሚቀበሏቸው ባለሙያዎች ነበሩ። አግዳሚው አንድ ቢሆንም ከጀርባው መደገፊያ ነበረው።

ነገሩ ለእኛ ባህል ፈጽሞ እንግዳ ነው አልልም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የብዙ ሰው ነፍስ አባት የሆነው ካህን ራሱም ነፍስ አባት አለው፤ ለራሱ አይናዘዝም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩም በባልንጀሮቹ መካከል ያርመዋል፤ መታረሙ የትምህርቱ ክፍል እንጂ ውርደት አይደለም። ሆኖም ምሳሌውን ከልክ በላይ ልጎትተው አልፈልግም። ሱፐርቪዥን ኑዛዜ አይደለም፤ የመጣሁት ኃጢአት ይዤ አልነበረምና። ብዙዎቻችን ግን ስሕተትን ከኃጢአት መለየት አልተማርንም፤ ስለዚህ ስንሳሳት ሆድ ይፍጀው እንላለን። ሆድ ደግሞ ሁሉን አይፈጅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለሐኪሙም የተነገረ ነው።

የምፈራው ሌላ ነገር አለ። የድርጅት በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ሰዓት ነው። የታካሚዎች ቁጥር በሪፖርት ላይ ይታያል፤ ሁለት ሰዎች ሻይ ይዘው የተነጋገሩበት ሐሙስ አይታይም። አስተርጓሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ ጭራሽ አይገባም፤ እንደ ቧንቧ ይቆጠራል፣ ውኃው በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ እርሱን የማያርሰው ይመስል። ወጣት የሥነ ልቦና ምሩቃን በየክልሉ ከተማ ብቻቸውን ተቀምጠው የሰው መከራ ሲሰሙ ይውላሉ። እናንተን ማን ይሰማችኋል ብዬ የጠየቅኋቸው ሁለት ሦስቱ ሳቁብኝ። ሳቃቸው የዚያችን ማክሰኞ ፈገግታ አስታወሰኝ።

ሴትዮዋ ዛሬ በሕይወት አለች። ልጇን ግን ገና አላየችም። ያን ሁለቱን ነገር አስታርቆ የሚያሳርፍ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፤ አማካሪውም አላገኘም። በሐሙሱ ሻይ ላይ አንድ ጊዜ ይህንኑ ስንናገር ወይዘሮዋ መልስ አልሰጡንም፤ ከእኛ ጋር ዝም አሉ።

ቃሉንስ ምን አደረግሽው የሚለኝ ይኖራል። «ሙያዊ ምክክር» ብዬ ጻፍሁ፤ «ሱፐርቪዥን» የሚለውንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አብሬ አኖርሁ። ረቂቁን የመረመረው ሰው «ምክክር»ን በቀይ ሰርዞ «ቁጥጥርና ክትትል» ብሎ መለሰልኝ። እኔም የአባቴን ትምህርት ቤት የተረክሁበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ላክሁለት። ክርክራችን ገና አላለቀም። እስከዚያው ግን ሐሙስ በደረሰ ቁጥር፣ ነገሩ በአማርኛ ምንም ይባል ምን፣ የተሰበረውን ወንበር ይዤ እገባለሁ።